እንዳይታይ የተቀባው አውሮፕላን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አፈር ምን ዓይነት ቀለም ነው ያለው? አትቸኩሉ፤ እኔም ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። አቃቂ ላይ ላደገ ሰው አፈር ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ጫጩት የሚውጥ መረሬ ነው። የእንጦጦ ሰው ብትጠይቁት ቀይ ነው ይላችኋል። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይቀቡ የነበሩትን እንግሊዞች ብትጠይቁ ግን አፈር ቡናማ ነው። ድንጋይ ቢጫ ነው። ሰማይ ደግሞ አረንጓዴ ነው። አዎ፣ ሰማይ። እኔ አልፈጠርኩትም። ይህን በማመኔ ግን ከሥራዬ ተባርሬያለሁ፣ ዛፍ ላይ እንዳለሁ ተይዣለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቻለሁ። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ቀለም ሥራዬ መሆኑ ነው። ያኔ በንጉሡ ጊዜ፣ አቃቂ ውስጥ ካሉት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ማቅለሚያ ክፍል ቀለም ቀማሚ ነበርኩ። ከክርኔ በታች ያለው እጄ የሰው እጅ አይመስልም ነበር፤ ሰኞ ሰማያዊ ከሆነ ሐሙስ ወይን ጠጅ ነው። ሽማግሌዎች ጫልቱን ሊጠይቁልኝ ወደ ቤተሰቦቿ የሄዱ ቀን አባቷ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ዘሬ ሳይሆን «ልጁ ሲታጠብ ይለቃል ወይ?» ብለው እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹም አሰብ አድርገው «በመጠኑ» ብለው መለሱ። እንደዚያም ሆኖ ሰጡኝ።

እኚህ አማቴ ጋሽ ቱሉ ይባላሉ። የአቃቂ ነባር ገበሬ ልጅ ናቸው። ሐዲዱ የአባታቸውን መሬት ሁለት ቦታ ሰንጥቆ ስላለፈ ቤተሰቡ ባቡሩን እንዳኮረፈው ኖሯል። እሳቸው ግን ጎልማሳ ሲሆኑ ታርቀው ተቀጠሩለት። ከጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው ማቋረጫ ላይ ቆመው ባንዲራ የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ፤ ቀዩን ሲያነሱ ባቡሩ ይቆማል፣ አረንጓዴውን ሲያነሱ ያልፋል። እስከ ጡረታቸው ድረስ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ይህንንም ለማንም ሰው፣ ሳይጠየቁም ቢሆን፣ ይናገራሉ።

ጡረታ ሲወጡ ጣቢያው ፊት ለፊት ቡና ቤት ልክፈት አሉ። መልካም ሐሳብ ነው አልን። ጫልቱ መፍተያ ክፍል ትሠራ ነበርና ቡና ቤቱን እሷ ልትይዝ ሥራዋን ለቀቀች። ስሙ ማን ይሁን ሲባል «አውሮፕላን» አሉ። ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ዕድሜ ልኩን ባቡር ያሳለፈ ሰው፣ አውሮፕላን። ምክንያታቸው ግን አቃቂ ሁሉ የሚያውቀው ነበር። ጣሊያን ሊወጣ ሲል አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሞተሩ ታሞበት አባታቸው ማሳ ላይ ወርዷል። አብራሪው ወርዶ ውሃ ጠጥቶ፣ የሆነ ነገር ጠጋግኖ፣ በማግስቱ ተነስቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ማሳው ላይ የወረደ ነገር ቢኖር ግሪሳ ነው።

«እንግዲህ ቀለም አዋቂው አንተ ነህ» አሉኝ አማቴ። «አውሮፕላኑን ግድግዳው ላይ ሳልልኝ።»

ሳልኩ። አውሮፕላን የማውቀው በሩቁ ሲያልፍ ነው፤ ሲያልፍ ደግሞ ያብረቀርቃል። ስለዚህ የብር ቀለም ቀባሁት። መጥተው አዩትና «ይሄ የሳልከው የማንን ነው?» አሉኝ። «የእኔ አረንጓዴና ቡናማ ነበር፤ እንደ ዝንጉርጉር ላም። ከላይ ሲያዩት ከመሬቱ ጋር ተመሳስሎ እንዲጠፋ ነው ተብሏል።»

ፋቅሁት። አረንጓዴና ቡናማ አድርጌ ቀባሁት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ተመለከቱና «አረንጓዴው አልበዛም?» አሉ። ቀነስኩ። «አሁን ደግሞ ቡናማው ፈዘዘ» አሉ። አጠቆርኩ። አንድ ጊዜ ሸሽተው፣ አንድ ጊዜ ቀርበው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዩ ደጋግመው አስቀቡኝ። ግድግዳው ከቀለም ብዛት የተነሳ ወደ መንገዱ መግፋት ጀምሮ ነበር። ኋላ ላይ ደከማቸው መሰለኝ «ይሁን፣ እንደዚያ ነበር» አሉ። እኔም ብሩሼን አጠብኩ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃ ንጉሤ መጡ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ከእንግሊዞች ጋር በሱዳን በኩል የገቡ ሰው ስለሆኑ እንግሊዝን በተመለከተ አቃቂ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ግድግዳውን አዩ። ከዘራቸውን አንስተው ክንፉን ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሄ ውሸት ነው» አሉ። «የእንግሊዝ አውሮፕላን አረንጓዴ የለውም። ቡናማና አሸዋማ ቢጫ ነው። በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ።»

«እኔስ በምን አየሁት?» አሉ አማቴ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

በዚህ ተጣሉ። ነገሩ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ግን አቃቂ ነው። የባቡር ሠራተኞቹ ከአማቴ ጋር ሆኑ፤ የፋብሪካ ዘበኞቹ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸውና፣ ከሃምሳ አለቃ ጋር ቆሙ። ገና ያልተከፈተ ቡና ቤት ደጃፍ ላይ ሰው እየተሰበሰበ ስለ ክንፍ ይሟገታል። የሚሟገተው አውሮፕላን አይቶ የማያውቀው ነው፤ ከሁሉ የሚጮኸውም እሱ ነው። በመጨረሻም አማቴ «እውነቱ ሳይረጋገጥ ይሄ ቤት አይከፈትም» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ጫልቱ ማታ እራቱን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሥራዬን ለቅቄያለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ሽማግሌ ስለ ቀለም ተጣልተው ነው ቤት የምውለው። አንተ ደግሞ ቀለም ቀማሚ ነህ። ነገሩን ጨርሰዋ።»

እንግዲህ ምርምር የሚባለው ነገር ውስጥ የገባሁት በራሴ ፍላጎት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

በማግስቱ በባቡር ለገሃር ወርጄ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ፣ ፒያሳ አጠገብ ወደሚገኝ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ቤት ገባሁ። መነጽራቸው አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ ኃላፊዋ። የጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቀለም እፈልጋለሁ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ እጄ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ያን ቀን ብርቱካናማ ነበርኩ። ሆኖም ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ቶሎ ገለጥኩት። በአውሮፕላን የተሞላ ነው፤ የሚነሳ፣ የሚያርፍ፣ አፍንጫው የተሰበረ። ሁሉም ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው።

ገጽ በገጽ ሄድኩ። ግራጫ አውሮፕላን፣ ጠቆር ያለ ግራጫ አውሮፕላን። ለቀለም ብዬ ከአቃቂ ድረስ መጥቼ ግራጫ አሳዩኝ።

«እመቤቴ፣ ቀለም ያለው የለዎትም?» አልኳቸው።

«ቀለሙ እኮ ከሥር ተጽፏል» አሉኝ በሹክሹክታ።

እውነትም ተጽፏል። የእንግሊዝኛ እውቀቴ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፤ ለዚህ ግን በቂ ነበር። ጥቁር አረንጓዴ ይላል፤ ይሁን። ጥቁር አፈር ይላል። መካከለኛ ድንጋይ ይላል። ከሥር በኩል ደግሞ፣ ሆዱ ላይ ማለት ነው፣ ሰማይ ይላል። ይህ የቀለም ስም ነው እንዴ? እኔ ፋብሪካ ውስጥ «ዛሬ ጨርቁን አፈር አድርጉት» ብል ምን እባላለሁ? የማን አፈር? ድንጋዩ መካከለኛ የሆነው ከየትኛውና ከየትኛው ድንጋይ መካከል ነው? ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። አንዱን አውሮፕላን ወረቀት ላይ ነድፌ ኪሴ ከተትኩና መጽሐፉን መልሼ ወጣሁ።

የቀረኝ ተስፋ ሚስተር ሃሪ ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ ማሽን የሚተክል እንግሊዛዊ ነው። አማርኛውን የተማረው ከመፍተያ ክፍል ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ሥራ አስኪያጁንም ጭምር፣ «አንቺ» ነው የሚለው። በጦርነቱ ጊዜ በአገሩ አውሮፕላን ሲቀባ ቆሞ ያይ እንደነበር ሰምቼ ነበርና ሻይ ሰዓት ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«አንቺ መጀመሪያ ንገሪኝ» አለኝ። «ክንፍ ነጠላ ነው፣ ድርብ ነው?»

«ድርብ ነው።» አማቴ ከላይም ከታችም ክንፍ ነበረው ብለውኛል።

«እንግዲያው ቀለም ሁለት አይደለም። አራት ነው።»

የላይኛው ክንፍ የታችኛው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጥላ ያረፈበት ቀለም ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ የታችኛውን ክንፍ አፈሩንም፣ ቡናማውን ማለት ነው፣ አረንጓዴውንም ፈካ አድርገው ይቀቡታል፤ ያኔ ከላይ ለሚያየው ሁሉም አንድ ይመስላል። ይህን በሻይ ማንኪያና በሻይ ሰሃን እያሳየ አስረዳኝ።

«የእኔ አውሮፕላን ግን ግድግዳ ላይ ነው። ጥላ የለውም» አልኩት።

«እሱ ያንቺ ችግር ነው።» ሻዩን ጠጣ። «ቁጥሩስ? ተጋማሽ ነው ጎዶሎ?»

«የምን ቁጥር?»

«አውሮፕላን ቁጥር አለው። ዝንጉርጉሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን እንዲህ ቀባሽ፤ የሚቀጥለውን መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ገልብጠሽ ነው የምትቀቢው። በቁጥር ይለያል።»

ልብ በሉ። አገር በጦርነት ላይ ነው፣ ከተማ ይቃጠላል፣ እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን በመስታወት ገልብጠው ይቀባሉ። አማቴ ያን ጊዜ ማሳው ዳር ቆመው ቁጥሩ ለሁለት ይካፈል አይካፈል አላጣሩልኝም።

«ሌላም አለ» አለ ሚስተር ሃሪ፤ እየተደሰተ መጣ። «አዲስ ነው፣ ፀሐይ የመታው ነው? ፀሐይ ከመታው አረንጓዴው ይነጣል፣ አፈሩም ይነጣል። በአፍሪካ ፀሐይ ቶሎ ነው።»

«ሰማይስ?» አልኩት፤ ተስፋ ቆርጬ። «ሆዱ ሰማይ ነው ይላል። ሰማያዊ ልቀባው?»

«አይደለም። ሰማይ አረንጓዴ ነው። የዳክዬ እንቁላል ቀለም።»

እዚያው ትቼው ብሄድ ምን ነበረበት? ግን ሰው አንዴ ከገባ ገባ ነው። አቃቂ ወንዝ ዳር ዳክዬ የሚያረባ ሰው ፈልጌ አገኘሁ፤ ለምኜ እንቁላል ተቀበልኩ፤ በመሐረብ ጠቅልዬ ለሚስተር ሃሪ አሳየሁት። ነጭ ነው። አገላብጦ አየውና «ይሄ የኢትዮጵያ ዳክዬ ነው» አለኝ። «የእንግሊዝ ዳክዬ እንቁላል ነው ያልኩሽ።»

በዚህ ከተናደድኩ በኋላ ቀለሞቹን እኔው ራሴ አውጥቼ ጨርቅ ላይ እሞክራቸዋለሁ አልኩ። ከሥራ በኋላ በትንሿ የማቅለሚያ ጋን ቁራጭ ጨርቆች ነከርኩ፤ አረንጓዴውን ጠቆርም ፈካም አድርጌ፣ አፈሩን ጠቆርም ፈካም አድርጌ፣ ድንጋዩንም፣ ያን የሃምሳ አለቃን ቢጫ፣ ጨምሬ። ሰማዩን በመጨረሻ ነከርኩት። ጋኗን ግን በደንብ አላጠብኳትም ኖሯል። ጠዋት ሊታጠብ የገባባት ነጭ አቡጀዲ ሲወጣ ነጭ አልነበረም።

አለቃችን አንዱን ጫፍ አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። «ይሄ ምን የሚሉት ቀለም ነው?»

«ሰማይ» አልኩት።

«ሰማይ አረንጓዴ ነው?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። እንግሊዞች ናቸው።»

ጨርቁን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ቤትህ ሂድ» አለኝ። «ሰማዩን በደንብ አይተኸው፣ የሆነውን ቀለም ስታውቅ ተመለስ።»

እንዲህ ነው ከሥራ ውጭ የሆንኩት። ለጫልቱ አልነገርኳትም። በየቀኑ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው እየወጣሁ ቁራጭ ጨርቆቼን ይዤ በማሳው መካከል እዞር ነበር። ነገሩ አሁን እልህ ሆኖብኛል። እነዚህ ቀለሞች እውነት ከመሬት ጋር የሚመሳሰሉ ከሆነ አቃቂ መሬት ላይ ይታያሉ፤ የሃምሳ አለቃ ቢጫ እዚህ አገር የሚጠፋ ከሆነም ይለያል። ከባቡሩ ድልድይ አጠገብ ባለው መስክ ላይ ጨርቆቹን ዘረጋኋቸው። ከላይ ማየት ስላለብኝ ዳር ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣሁ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አረንጓዴው ጠፋ። ሣሩ ላይ አስቀምጬው ዓይኔን ብጨፍን ብገልጥ ላገኘው አልቻልኩም። ቡናማውም የታጨደው ማሳ ላይ እየፈለግሁት ነው የታየኝ። ቢጫው ግን እዚያው ተቀምጦ ያየኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዞቹን በልቤ አመሰገንኳቸው። ዛፉን እንዳቀፍኩ ደስ ብሎኝ ሳለ ከሥር አንድ ድምፅ «ውረድ» አለኝ። የድልድዩ ዘበኛ ነው። ጠመንጃውን ይዟል።

ሰው ድልድይ አጠገብ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ መሬት ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ ዘርግቶ፣ ኪሱ ውስጥ የጦር አውሮፕላን ሥዕል ይዞ ሲገኝ ምን እንደሚባል እኔም አላጣሁትም። ለአውሮፕላን ምልክት ሲያሳይ ተገኘ ተባልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። መርማሪው ጨርቆቼን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደራቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን እንዳይታይ የሚቀባ ቀለም ነው።»

«እንዳይታይ?»

«አዎ። ከመሬቱ ጋር ተመሳስሎ ከላይ እንዳይታይ።»

«አንተ የምትቀባው የት ነው?»

«ቡና ቤት ግድግዳ ላይ። ለማስታወቂያ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማስታወቂያ እንዲታይ ነው የሚሠራው» አለኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ የለፋኸው የማይታይ ማስታወቂያ ለመሥራት ነው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ማንም አላሰበውም። አማቴ አላሰቡትም፣ ሃምሳ አለቃ አላሰቡትም፣ ያ ሁሉ ደጃፍ ላይ ሲጮህ የከረመ ሕዝብ አላሰበውም። «አማቴን ይጠይቁልኝ» አልኩ።

ጋሽ ቱሉ ዋስ ሊሆኑኝ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። መርማሪው ወንበር ሰጥቷቸው የአውሮፕላኑን ታሪክ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ጨርቆቹን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጋቸው።

«እስቲ አባት፣ ያዩትን አረንጓዴ ያሳዩኝ።»

አማቴ ሳያመነቱ አነሱ። ያነሱት ቡናማውን ነበር።

መርማሪው ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ አየሁ። አማቴ መተያየታችንን ሲያዩ ያነሱትን አስቀምጠው ሌላ አነሱ። «ይሄኛው ማለቴ ነው» አሉ። እሱም ቡናማ ነው፤ ፈካ ያለው። ሦስተኛ ሊያነሱ ሲሉ እጃቸው ጨርቆቹ ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክፍሉ ብርሃን ነበር፤ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው።

መርማሪው ሳቀ። የቀለዱበት መሰለው። «በሉ ሂዱ» አለን። «ሰላይ ብትሆኑ ቢያንስ አንዳችሁ ቀለም ትለዩ ነበር።»

ሐዲዱን ተከትለን ወደ ሰፈር ሄድን። እኔ ተናድጄ ነበር። ግድግዳውን ያስፋቁኝ፣ «ደመቀ፣ ፈዘዘ» እያሉ አንድ ዓይን ጨፍነው ያስቀቡኝ፣ ፒያሳ ድረስ ያስኬዱኝ፣ ዳክዬ ያስፈለጉኝ ሰው አረንጓዴና ቡናማ አይለዩም።

«አባባ» አልኩ፣ ድምፄን ለማለስለስ እየሞከርኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተፈጠርኩ።»

«ቀይና አረንጓዴስ?»

«እሱም ያው ነው።»

እግሬ ቆመ። ከፊታችን ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ማቋረጫ አለ። «ባንዲራውን ታዲያ?»

«አያንቱ ቀዩ ላይ ቁልፍ ሰፍታልኝ ነበር» አሉ። አያንቱ ሟች ባለቤታቸው፣ የጫልቱ እናት ናቸው። «ጣቴ ቁልፉን ካገኘ ቀይ ነው። ሲያረጅና ሲቀየር ትሰፋልኛለች። ከእሷ በቀር ያወቀ የለም። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።»

ይህን ሲሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። የሰፈሩ ሰው ቢሰማ ምን እንደሚሆኑ እያሰቡ መሆኑ ገባኝ። እኔ ግን ገና አልበረደልኝም።

«ታዲያ የማያዩትን ቀለም ለምን ይሟገቱበታል? ሃምሳ አለቃ ቢጫ ነው ካሉ ቢጫ ይሁንላቸው። ለእርስዎ ምን ለውጥ አለው?»

ማቋረጫውን ተሻገሩ። «አውሮፕላኑ ሲመጣ እኛ ሁላችን የጣሊያን መስሎን ሸሸን» አሉ። «ቦይ ውስጥ በግንባሬ ተኝቼ ነበር። አያንቱ አልሸሸችም። አዲስ ሙሽራ ነበረች። ቆማ አየችው፣ አብራሪው ልጅ ሲወርድ ውሃ የሰጠችውም እሷ ናት። እኔ ኋላ መጥቼ ያየሁት ቅርጹን ነው። ምን ዓይነት ነው ብዬ ስጠይቃት አረንጓዴና ቡናማ ነው፣ እንደ ዝንጉርጉር ላም ነው አለችኝ። ንጉሤ ውሸት ነው ሲል እኔን አይደለም የሚለው።»

ንዴቴ መሄጃ አጣ። ያን ሰምቶ ተናዶ መቆየት ከባድ ነው። ቤት ስደርስ ጫልቱ ሥራ አለመሄዴን ሰምታ ስለነበር የሚናደድ ሰው አልጠፋም፤ ተራው የእሷ ሆነ።

አማቴ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ቡና ቤቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተከፈተ። የባቡሩም የፋብሪካውም ሰው ተሰብስቧል። ሃምሳ አለቃ ንጉሤ ከዘራቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ቆሙ። «እሺ ተመራማሪ» አሉኝ፣ «ማን ነው ልክ?»

ተነስቼ ተናገርኩ። የእንግሊዝ አውሮፕላን የሚቀባው እንደሚበርበት አገር ነው አልኩ። በሱዳን በኩል በረሃውን አቋርጦ የመጣው ቡናማና ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ሃምሳ አለቃ ያዩት እሱን ነው። በሌላ በኩል የመጣው አረንጓዴና ቡናማ ነው፤ እዚህ የወረደው እሱ ነው። አረንጓዴው አቃቂ ሣር ላይ እንደሚጠፋ እኔ ራሴ ዛፍ ላይ ወጥቼ አረጋግጫለሁ፤ ያልታመነኝ የድልድዩን ዘበኛ ይጠይቅ። ሕዝቡ ሳቀ። አማቴ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር።

ሃምሳ አለቃ አሰቡ። ልክ አይደሉም ስላልተባሉ የሚቆጡበት ነገር አላገኙም። «እንግዲያው» አሉ፣ «የእኔንም በዚያኛው ግድግዳ ላይ ሳለው።»

ሁሉም አጨበጨበ። ጠብ አበርዳለሁ ብዬ ሁለተኛ አውሮፕላን ተሸከምኩ።

እሑድ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሁለተኛውን ግድግዳ ልጀምር መጣሁ። ጫልቱ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። አማቴ አረንጓዴና ቡናማው ፊት ቆመዋል። አጠገባቸው ቆምኩ።

«እስቲ ምን እንደሚመስል ንገረኝ» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዕድሜዬን በሙሉ ቀለም ቀምሜአለሁ፤ እንዲህ ተጠይቄ ግን አላውቅም። እጃቸውን ይዤ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩት። «እዚህ ቡናማው ነው» አልኩ። «እህሉ ከተነሳ በኋላ ያለ ማሳ ነው። ፀሐይ ውሎበት፣ በባዶ እግር ሲረግጡት የሚሞቀው።» እጃቸውን ቀስ ብዬ አሻገርኩት። «ከዚህ ጀምሮ አረንጓዴ ነው። ጠዋት ጠል ያለበት ሣር፤ ሲረግጡት የሚቀዘቅዘው። የሚገናኙበት ቦታ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ ወንዝ ዳር እንዳለ መሬት እየገባ እየወጣ ይሄዳል።»

መዳፋቸውን በዳሩ ላይ እየጎተቱ እስከ ክንፉ ጫፍ ሄዱ፤ ከዚያ ተመለሱ። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አስቆየህ?»

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ጫልቱ በመስኮቱ በኩል ብርጭቆ ይዛ ታየኛለች። አፌን ዘጋሁና ቢጫውን መቀመም ጀመርኩ።